ስቲል ይሻላል ወይስ ሁስክቫርና? የመተማ አቧራ ግድ የለውም

«ከጀርመኑ ስቲል ወዲያ ላሳር» የሚል አለ። «የስዊድኑን ሁስክቫርና ያልያዘ ሰው እንጨት ቆርጫለሁ አይበል» የሚልም አይጠፋም። ሦስተኛው በሁለቱም ይስቃል፤ «በአንዱ ጀርመን ዋጋ ስንት ቻይና ይገዛል! ሲበላሽ ጥሎ ሌላ መግዛት ነው» ይላል። ቼይንሶው የሚባለው የሞተር መጋዝ በገባበት ቆላ ሁሉ ይህ ክርክር አለ። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከኮኪት እስከ ሽንፋ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው አንዱን ወገን ሳይዝ አይቀርም።

ሦስቱም ግን ተሸናፊዎች ናቸው። ስለ ብረቱ፣ ስለ ሲሲውና ስለ ፈረስ ጉልበቱ ሲከራከሩ ማሽኑ የሚተነፍሰውን አየር ረስተውታል። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ማሽን የሚገድለው ደግሞ በአየሩ ነው።

አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃ ሆኖ የከረመው ዋልካ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጥቅምትና ኅዳር ሰሊጡ ተሰብስቦ የጭነት መኪናውና ትራክተሩ በላዩ ሲመላለስበት መሬቱ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ እስከ ግንቦት ዝናብ የለም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ይሻገራል፤ ሣሩ ይቃጠላል፤ አመዱ ከአቧራው ጋር ይቦናል። እንጨት የሚቆረጠውም በዚሁ ወቅት ነው፤ በክረምት ጫካው ውስጥ ማን ይገባል? ማሽኑ በዓመቱ ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠራው አየሩ እጅግ በቆሸሸበት ወር ነው ማለት ነው።

ለብራንድ ተከራካሪዎች ፍትሐዊ እንሁን ከተባለ፣ በማሽኖቹ መካከል ልዩነት የለም አይባልም። ለምሳሌ የስቲል ኤም.ኤስ 382 እና የሁስክቫርና 372 ኤክስ.ፒ ሁለቱም 70 ሲሲ አካባቢ ናቸው፤ የሁለቱም ጉልበት ወደ 4 ኪሎዋት ይጠጋል። ንጹሕ አየርና የተሳለ ሰንሰለት ካገኙ አንድ ግንድ ላይ ያላቸውን ልዩነት በሰዓት ካልለኩት በስተቀር በዓይን መለየት ይቸግራል። አፍሪካ ውስጥ ስሙ የገነነው አሮጌው ስቲል 070 ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ 106 ሲሲ፣ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣው ኮንትራ የሚመዘዝ ጎበዝ ብረት። ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ጉልበት አለው፤ ተሸክሞት የሚውለውን ሰው ወገብ ግን አይምርም።

የቻይናዎቹ ጉዳይ ሌላ ነው። ሁሉም መጥፎ አይደሉም፤ ቁጥራቸው ግን አይታመንም። «58 ሲሲ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሲሊንደራቸው ስፋት 45.2 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተናቸው ምት 34 ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱን የሠራ ሰው 54.6 ሲሲ ያገኛል። ሦስት ሲሲ የት ገባ? ካርቶኑ ላይ ቀረ። ሻጩ ስለ ሲሲ እንዲህ ከዋሸ ስለ ፊልትሮው ጥራት ምን እንደሚል መገመት አይከብድም።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። 70 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 9,000 ጊዜ ሲዞር በስሌት እስከ 600 ሊትር የሚደርስ አየር ይስባል። ቁጭ ብሎ ያረፈ ሰው በደቂቃ ሰባትና ስምንት ሊትር ቢተነፍስ ነው። አንድ ቼይንሶው የሰማንያ ሰው ያህል አየር ይተነፍሳል ማለት ነው፤ የሚተነፍሰውም አፉን ከሰንሰለቱ ላይ በሚቦነው ብናኝ ውስጥ ነክሮ ነው። በዚህ ሁሉ አየርና በሞተሩ መካከል ያለው መከላከያ ከመዳፍ የማይበልጥ ወንፊት ወይም ጨርቅ ነው፤ የአየር ማጣሪያው፣ በጋራዥ አፍ ፊልትሮ ወይም ዴፕራተር የሚባለው።

የመኪና ሞተር ቢሆን አቧራው ከገባ በኋላም ትንሽ ይታገሳል፤ ታች የሚጠብቀው የዘይት ጋን አለው፣ ዘይቱም በራሱ ፊልትሮ ይጣራል። ቼይንሶው ግን ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። የሚስበው አየር መጀመሪያ በታችኛው ክፍል፣ በኩሽኔታዎቹ መካከል አልፎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ዘይት የሚያገኘውም ከቤንዚኑ ጋር ከተቀላቀለችው ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። የዋልካ አቧራ ከዚያች ዘይት ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ሞረድ የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ ብረት የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ኩሽኔታውንም ፋሻውንም ፒስተኑንም አንድ ላይ ይልጋቸዋል።

የአንድ ማሽን አሟሟት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጧት ደህና ይሠራል። ከቀትር በኋላ ይደክማል፤ ፊልትሮው ስለተደፈነ አየር አንሶት ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። የያዘው ሰው «ይሄ ብራንድ ድሮም ጉልበት የለውም» ይላል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የሚወለደው። ከዚያ ካቻቢቴውን ያወጣና የካርቡራተሩን ብሎን ጠምዝዞ ቤንዚኑን ይቀንሰዋል። ማሽኑ ይነቃል! ሰውየውም ሊቅ የሆነ ይመስለዋል። በማግሥቱ ግን ፊልትሮው ይጠረጋል ወይም አዲስ ይገባለታል፤ አየሩ እንደ ልብ ይገባል፣ ቤንዚኑ ግን ትናንት ተቀንሷል። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም አብሮ ያንሳል። በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ በሙሉ ጋዝ፣ ዘይት በጎደለበት ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ለመያያዝ ብዙ አይፈጅበትም። ያን ጊዜ የሚረገመው ማን ነው? አዲሱ ፊልትሮ! «ፊልትሮ ባይኖረው ኖሮ ደህና ነበር» ይባላል። ቀጣዩ ማሽን ያለ ፊልትሮ ይሠራል፤ እሱ ደግሞ አቧራውን በቀጥታ ይጠጣና ፋሻው ያልቃል፣ እጀታው ሲሳብ ምንም ሳይከብድ ይመጣል፣ አልነሳም ይላል።

ይህ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። የተደፈነ ሞተር ጋዝ ሲለቁት ይጠፋል። በየጊዜው ገመድ መሳብ የሰለቸው ሰው ሚኒሞውን ከፍ ያደርገዋል። ሚኒሞው ከልክ ሲያልፍ ክላቹ ይይዛል፤ ጋዝ ሳይነካም ሰንሰለቱ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ቆራጩ ማሽኑን ዝቅ አድርጎ ወደ ሌላ ግንድ ሲራመድ የሚዞረው ሰንሰለት ከጭኑ አጠገብ ነው። መከላከያ ሱሪ የለበሰ፣ ቆብና መነጽር ያደረገ ቆራጭ በዚያ ቆላ ስንት ይገኛል? ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት እንደተፈለገ የሚኬድበት አልሆነም። በጥቂት ብር ፊልትሮ የተጀመረ ነገር መጨረሻው የሰው እግር ሊሆን ይችላል። ብራንድ ለሚያወዳድሩት ይህ ልብ ይባል።

«ፊልትሮውንማ እናጸዳለን» የሚል ይኖራል። እንዴት? ወደ ጎሚስታ ተወስዶ ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር ከውጭ በኩል ይነፋል። ከውጭ የተነፋ አየር አቧራውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይሰገስገዋል፣ ስስ የሆነውን ጨርቅም ይበሳዋል። ቀዳዳው በዓይን ላይታይ ይችላል፤ አቧራው ግን ያገኘዋል። ሌላው በቤንዚን ያጥባል። ሌላው በብረት ብሩሽ ይፍቃል። ሌላው ደግሞ ከእነ እርጥበቱ ይገጥመዋል።

ትክክለኛው መንገድ ይህን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ሽፋኑ ከመከፈቱ በፊት ቾኩ ይዘጋል፤ አለዚያ ሲከፈት የሚረግፈው አቧራ በቀጥታ ካርቡራተር ውስጥ ይወድቃል። ዙሪያው በንጹሕ ቀለም ብሩሽ ይጠረጋል። ፊልትሮው ወጥቶ በመዳፍ ላይ ቀስ ተደርጎ ይመታል። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ፣ የወንፊቱም የጨርቁም አብዛኛው ይታጠባል፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ፍጹም እስኪደርቅ ይቆያል። ወረቀት የሆነው ግን ውሃ አይነካውም፤ ይለወጣል። መነፋት ካለበትም በቀስታ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ሲመለስ ጠርዙ በደንብ መቀመጡ ይታያል፤ ጠርዙ ካልገጠመ የፊልትሮ መኖር ለታይታ ነው። በመተማ በጋ ይህ በቀን አንድ ጊዜ ሳይሆን ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ቢታይ አይበዛበትም። ታዲያ አንዱ ሲታጠብ ሥራው እንዳይቆም ሁለተኛ ፊልትሮ ያስፈልጋል። የችግሩ ግማሽ መፍትሔ ሁለተኛው ፊልትሮ ነው፤ ገበያ ላይ የማይገኘውም እሱ ነው።

ሌላው ግማሽ ያለው ብዙ ሰው በማይጠረጥርበት ቦታ፣ ሰንሰለቱ ላይ ነው። የተሳለ ሰንሰለት እንጨቱን ይልጠዋል፤ የሚወድቀው ፍቅፋቂ ትልልቅ ነው፣ ከብዶት መሬት ያርፋል። የዶለዶመ ሰንሰለት ግን እንጨቱን ይፈጨዋል፤ የሚወጣው ዱቄት ነው፣ ዱቄቱም ይንሳፈፍና ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። ከማሽኑ ሥር ያለውን ፍቅፋቂ በእጅ ዘግኖ ማየት ይበቃል፤ እንደ በርበሬ የደቀቀ ከሆነ ፊልትሮው ምን ያህል እንደሚቆይ ከዚያው ይታወቃል። በዚያ አገር ሰንሰለት የሚያዶለዱመው ደግሞ ብዙ ነው። ዞቢን የመሰለ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ጥቁር እንጨት አለ፤ ፈረንጆች ክላርኔት የሚሠሩበት ዝርያ ነው። ቅርቅራውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከሁሉም የሚብሰው ግን ግንዱን ከመሬት አስጠግቶ መቁረጥ ነው፤ ሰንሰለቱ አፈሩን አንዴ ከነካ ጥርሱ ሄደ። ከእጣን ዛፉ የሚወጣው ሙጫ ሲጨመርበት ብናኙ ፊልትሮው ላይ ይለጠፋል፣ በመዳፍ ቢመቱት አይረግፍም። ስለዚህ የፊልትሮ ችግር አለብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ሞረዱን ይፈልግ።

ይህን ሁሉ ቆራጩ ባለማወቁ ብቻ ተጠያቂው እሱ ነው ማለት ግፍ ነው። ማን ነገረው? ማሽኑ ከእነ እንግሊዝኛ ወይም ቻይንኛ መጽሐፉ ይሸጥለታል፣ መጽሐፉም ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። አስመጪው መቶ ማሽን ሲያስገባ ከሁለት መቶ ፊልትሮ ጋር የማያስገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አዲስ ማሽን መሸጥ ከፊልትሮ ይልቅ ያተርፋል። የመሥሪያ ቤቶች ጨረታም ከዚህ አይሻልም። የመስመር ዛፍ ለመመልመል ይሁን ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ፣ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ዋጋ ለማሳነስ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው መለዋወጫው ነው። ሰነዱ ላይ «የሞተር ኃይል» ተብሎ ይጻፋል፤ «ትርፍ ፊልትሮ» የሚል መስመር ግን የለም። ንብረት ክፍል ውስጥ ግማሽ ዕድሜያቸውን ሳይሠሩ የተቆለሉት ማሽኖች የዚያ መስመር ዋጋ ናቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ስህተቱ ውድ ሆኗል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። የተቃጠለ ሲሊንደርና ፒስተን መለወጥ በዶላር የሚገባ ዕቃ መለወጥ ነው። «ሲበላሽ ጥሎ ሌላ መግዛት ነው» ይል የነበረው ሦስተኛው ተከራካሪ አሁንም እንደዚያው ይል እንደሆነ ቢጠየቅ ደግ ነው።

በዚያው ቆላ ተቃራኒ ምሳሌ መኖሩ ነው የሚያስገርመው። የሰሊጥ ባለሀብቱ ትራክተር በዚያው አቧራ ውስጥ ይሠራል። የትራክተሩን ዴፕራተር አውጥቶ የጣለ ሾፌር ግን ማደሪያውን ይፈልግ! የዴፕራተሩ ዘይት ይታያል፣ ጭቃው ይወጣል፣ ይቀየራል። ትራክተሩ ብዙ ገንዘብ የወጣበት በመሆኑ ይጠበቃል፤ ቼይንሶው ትንሽ በመሆኑ ይናቃል። ዕውቀቱ ከአገሩ አልጠፋም፤ ከትራክተሩ ወርዶ መጋዙ ጋ አልደረሰም እንጂ።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። «ጫካው እያለቀ ባለበት አገር ቼይንሶው እንዴት ደህና እንደሚሠራ ማስተማር ምን ይሉታል? ይበላሽ! የተበላሸ ማሽን ዛፍ አይቆርጥም» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። መተማን ጨምሮ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የእጣን ዛፍ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ የእጣኑ ምርት ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ነገር ግን ጥናቱ ጣቱን የቀሰረበትን ማንበብ ነው፤ ችግኙ በግጦሽና በእሳት ምክንያት አያድግም፣ ትልልቆቹን ዛፎች ጥንዚዛ ይጨርሳቸዋል። ለሰሊጥ የሚመነጠረው መሬትም መጋዝ አይጠብቅም። በምሳርና በእሳት ከመጋዙ በፊትም ሲመነጠር ኖሯል።

የአቧራን እጅ የደን ጥበቃ አድርጎ መቁጠር ለሕግ መሥሪያ ቤቱ ምቹ ሰበብ መስጠት ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ፤ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። ፊሊፒንስ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ለቼይንሶው ብቻ ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታ ማስገባቱንም መሸጡንም መያዙንም በፈቃድና በምዝገባ አድርጋዋለች። ጋና በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1998 በቼይንሶው ጣውላ መሰንጠቅን ጨርሳ ከለከለች፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም አብዛኛው የአገር ውስጥ ገበያ ጣውላ የሚመጣው ከዚያው ከተከለከለው መጋዝ ነበር። ክልከላ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ከዚህ ይታያል። ቁጥሩ የተመዘገበ፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ መለዋወጫውን ከታወቀ ሱቅ በካርዱ የሚገዛ ማሽን ለመቆጣጠር ይቀላል። በድብቅ የሚነሳ፣ ጭስ የሚተፋ፣ ዛሬ ተጥሎ ነገ በሌላ ፎርጅድ የሚተካ ማሽን ግን ለማንም አይታይም። ደግሞም በዶለዶመ መጋዝ ግማሽ ተቆርጦ የተተወ ግንድ ለጫካው ምን ጠቀመው? ይደርቃል፣ በሚቀጥለው እሳት ይነዳል።

የሚፈለገው ነገር ጥቂት ነው፤ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቅም አይበልጥም። የጨረታው ሰነድ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን ሁለት ትርፍ ፊልትሮ፣ ለሰንሰለቱ ልክ የሆነ ሞረድ ከነመለኪያውና አንድ ትርፍ ካንዴላ ይጻፍ። ርክክቡ ላይ ንብረት ክፍሉ ካርቶን ከመቁጠሩ በፊት ፊልትሮ ይቁጠር። ለቆራጮቹ የግማሽ ቀን ሥልጠና በአማርኛ፣ ማሽኑን ፈታ አድርጎ ይሰጥ፤ ያውም በመስከረም፣ አቧራው ሳይነሳ።

በግሉ የሚገዛው ደግሞ ሱቅ ሲገባ ስለ ብራንዱ ከመከራከሩ በፊት ሽፋኑን ያስከፍት። ፊልትሮውን አውጥቶ በእጁ ይያዘው፣ ወደ ብርሃን ያንሳው፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሰው። ከዚያ የዚሁ ዓይነት ሌላ ሁለት ይጠይቅ። ሻጩ «ለጊዜው የለንም፣ ማሽኑ ግን አይበገሬ ነው» ካለው፣ ጀርመንም ይሁን ስዊድን፣ ቻይናም ይሁን ሌላ፣ ብሩን ወደ ኪሱ መልሶ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሻገር።